የወንድሜን ትንፋሽ ላመጣ ሄጄ

ደሴ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል

እናቴ «ትንፋሹን አምጣልኝ» ብላ ላከችኝ። ለማያውቀን ሰው ይህ አነጋገር ሊያስደነግጥ ይችላል። እኛ ቤት ግን ትንፋሽ ማለት ዕቃ ነው። የታላቅ ወንድሜ የእንድሪስ መተንፈሻ ማሽን ነው። ጅዳ የምትሠራው አክስታችን ናት የላከችለት። የጫማ ካርቶን የምታክል ግራጫ ሳጥን ናት። ረጅም ቱቦ አላት፣ ቱቦው ጫፍ ላይ አፍንጫና አፍ የሚሸፍን ጭምብል አለ። እንድሪስ ሲተኛ ትንፋሹ ይቆምበት ነበር። አዲስ አበባ ሄዶ ተመርምሮ ነው ያወቀው። ማሽኑ አየር እየነፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይጠብቀዋል። እናቴ «የመተንፈሻ ማሽን» ማለት ረዘመባትና «ትንፋሽ» አለችው። ማታ ወደ ሥራ ሲወጣ፣ ልክ ስለ ቁልፍ እንደምትጠይቅ፣ «ትንፋሽህን ይዘሃል?» ትለው ነበር። እሱም «ትንፋሼ ሥራ ላይ ነው፣ እማ» ይላታል። እንስቅ ነበር።

እንድሪስ ከሞተ ዛሬ ሃያ አንድ ቀኑ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የእህል መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ነበር። ሌሊት እዚያ ያድራል፣ ጠዋት ደሴ ይመጣል፣ ቀን ይተኛል። አሥር ሰዓት ላይ እቀሰቅሰዋለሁ፣ ተነስቶ ይሄዳል። ማሽኑ እዚያው ሥራ ቦታው ላይ ይውላል፤ በየቀኑ ሚኒባስ ላይ ሲያንገላታው እንዳይሰበር ብሎ ነው። ቀን ያለ ማሽን ይተኛ ነበር። ሌሊት ከተጠቀመበት ይበቃዋል ብለን ነው። ይህን ማን እንደነገረን አላውቅም። ማንም አልነገረንም መሰለኝ።

የሄድኩበት ሌላ ምክንያትም ነበረኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ማሽኑ ከመጣ ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ጥቂት ሳምንት ፊቱ በርቶ ነበር። ከዚያ ድካሙ ተመለሰ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ይተኛል። ጉርሻ እጁ ላይ እንዳለ ይተኛል። አንድ ጁምዓ መስጊድ ውስጥ ሱጁድ ወርዶ እዚያው ቀረ፤ ሰው ሰግዶ ሲወጣ እሱ ግንባሩ መሬት ላይ ነበር። የሰፈር ልጆች «ሬሳው» ይሉት ጀመር። እኔም ብዬዋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

የሞተው ቀን ነው። እኔ እዚያው ክፍል ውስጥ ለፈተና አጠናለሁ። ሁልጊዜ «እዚሁ እኔ ጋ ሆነህ አጥና» ይለኝ ነበር፤ ብቻውን መተኛት የማይወድ ይመስለኝ ነበር። ማንኮራፋቱ ጆሮ ይበጥሳል። ከሰባት ሰዓት በኋላ ድምፁ ቆመ። ደስ አለኝ። ለማንም ያልተናገርኩት ይህን ነው። ደስ ብሎኝ ብዙ ገጽ አነበብኩ። አሥር ሰዓት ላይ ልቀሰቅሰው ትከሻውን ስነካው ቀዝቅዟል።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። እኔ ግን ማወቅ የፈለግኩት ሌላ ነው። ማሽኑ በየሌሊቱ የሆነውን ሁሉ ውስጡ ባለች ትንሽ ካርድ ላይ እንደሚመዘግብ እንድሪስ አንድ ቀን ነግሮኝ ነበር። ተበላሽቶ ከነበረ ካርዱ ይናገራል። ማሽኑ ተበላሽቶ ከነበረ የገደለው ማሽኑ ነው። ካልተበላሸ ግን ተጠያቂ እኔ ብቻ እቀራለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ተበላሽቶ እንዲገኝ ዱዓ አድርጌ ነው ከቤት የወጣሁት።

ሐረጎ

ከመናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። ሰው እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ሐረጎ የሚባለው ተራራ ላይ ይጠማዘዛል። ጉሙ እንደዚያ ቀን ወፍሮ አይቼው አላውቅም። ሹፌሩ በጠዋት መብራት አብርቶ በእግር ፍጥነት ይነዳል። በመስኮት በኩል ገደሉ አይታይም። ዛፎቹ አንድ አንድ እያሉ ብቅ ይላሉና እንደገና ይጠፋሉ። ከፊታችን የጭነት መኪና ጥሩንባ ይሰማል፣ መኪናው ግን አይታይም።

አጠገቤ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ተቀምጠዋል፤ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፣ ጭናቸው ላይ የማሾ ከረጢት ይዘዋል። ገና ሐረጎ ሳንገባ ተኙ። ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ማንኮራፋት ጀመሩ። ደንግጬ ቀና አልኩ። ድምፁ የእንድሪስ ነው። እንደ እንድሪስ አይደለም፣ የእንድሪስ ነው። መጀመሪያ ከሩቅ እንደሚመጣ መኪና ነው፣ ከዚያ ይቀርባል፣ ከዚያ እንደ መጋዝ ይሆናል።

ከዚያ ቆመ።

እጠብቃለሁ። አንድ ኩርባ ዞርን። ሁለተኛውን ዞርን። ደረታቸው አይንቀሳቀስም። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ስለ ስኳር ዋጋ ያወራሉ። ማንም አላየም። ሁለት ትከሻቸውን ይዤ «ይነሱ! አባት፣ ይነሱ!» ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ከውሃ እንደወጣ ሰው «ሂ—ህ» ብለው አየር ሳቡ። የማሾው ከረጢት ወደቀ።

«ደረስን?» አሉ።

«የለም፣ ገና ነን። ትንፋሽዎ ቆሞ ነበር።»

«የኔ?» ሳቁ። «አጀብ ነው! ሞቼ ከነበረማ ጥሩ ቦታ አስነሳኸኝ፤ ጉሙን እያየሁ ጀነት ነው ብዬ ነበር።»

መኪናው ሁሉ ሳቀ። ኋላ የተቀመጠች ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ ሽማግሌ ቢተኛ ምን አደረገህ? አሸበርከንኮ!» አለችኝ። ሰውየው ማሾአቸውን ሰብስበው ወዲያው መልሰው ተኙ። እኔ ኮምቦልቻ እስክንገባ ዓይኔን ከደረታቸው ላይ አላነሳሁም። ሲወርዱ እጄን ጨብጠው «አላህ ያሳድግህ» አሉኝ። «ሐኪም ቤት ሄደው ይመርመሩ» አልኳቸው። «ምኑን?» አሉ። ሰው እየተጋፋ ለየን።

ኮምቦልቻ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ኮምቦልቻ ስትደርስ ጃኬት ታወልቃለህ። ጉሙ ከላይ ቀርቷል፣ ፀሐይ ነው። መጋዘኑ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው፤ በባጃጅ ሄድኩ። በሩ ላይ የመጋዘኑ ኃላፊ እትዬ ዘሃራ ተቀበሉኝ። ለቅሶአችን መጥተው ስለነበር ያውቁኛል።

«አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ። እናትህ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ማሽኑን ልወስድ ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ቁልፉ ይኸውልህ» አሉኝ። «እኔ አልገባም። ሠራተኞቹም አይገቡም። አዲሶቹ ጥበቃዎች እንኳ ውጭ ነው የሚያድሩት።»

«ለምን?»

«ወንድምህ በሞተ ሰሞን፣ ጎህ ሳይቀድ እህል ሊያወርዱ የመጡት ልጆች ሰሙት። ከውስጥ ይተነፍሳል፣ ልክ እንደ ድሮው። ሆ… ሆ… ይላል። ‹እንድሪስ ሞቶም ይተነፍሳል› ብለው እየሮጡ ወጡ። እኔ ሞኝነት ነው ብያቸዋለሁ። ግን አልገባም።»

የጥበቃ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር። ስከፍተው መጀመሪያ ያየሁት ፊት ነው። ግድግዳው ላይ፣ በሰው ቁመት፣ በሩን የሚያይ ፊት። ኋላ ነው ጭምብሉ መሆኑን ያወቅኩት፤ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ቱቦው ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ማሽኑ ከሥሩ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። የእንድሪስ ጋቢ ተጣጥፎ አልጋው ላይ አለ። አሸተትኩት። የሱ ሽታ አለው፤ የሱ ያልሆነም ሽታ አለው።

«ከእንድሪስ ጋር የሚያድር ሌላ ሰው ነበር?» ብዬ ስወጣ ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ተሰማ ናቸዋ! ሁለት ሆነው ነው የሚጠብቁት፤ አንዱ ግማሽ ሌሊት ይተኛል፣ ሌላው ግማሹን። እንደ አባትና ልጅ ነበሩ። ወንድምህ ከሞተ በኋላ ጥቂት ቀን ሠሩና ሳይሰናበቱኝ አገራቸው ሐርቡ ገቡ። እናንተ ቤት ለቅሶ እንኳ አልመጡም አይደል?»

አልመጡም ነበር። ማሽኑን በጋቢው ጠቅልዬ ወጣሁ።

ይመር ጋ፣ አምስት ሰዓት

ይመር የሕክምና ዕቃ ጠጋኝ ነው። መናኸሪያው አካባቢ ጠባብ ሱቅ አለው፣ የደም ግፊት መለኪያና የኦክስጅን መሣሪያ ተከምሮበታል። ማሽኑ ከጅዳ ሲመጣ ለእንድሪስ ያስተካከለለት እሱ ነው። ካርዷን አውጥቶ ላፕቶፑ ውስጥ ከተታት።

ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ መስመር መጣ፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። «ይኸውልህ ወንድምህ ሲተነፍስ» አለኝ። ሰው ሞቶ ትንፋሹን እንደዚህ ማየት ምን እንደሚመስል እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። እጄን ስክሪኑ ላይ አደረግኩ።

«ማሽኑ ተበላሽቶ ነበር?» አልኩት።

ይመር መዝገቡን እስከ መጨረሻው አየው። «አንድ ቀን እንኳ አልተበላሸም። መብራት ከጠፋበት ሰዓት በስተቀር ደህና ነው።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ዱዓዬ አልደረሰም።

ይመር ግን እያነበበ ግንባሩን ቋጠረ። «ና እስኪ እየው» አለኝ። «የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሹ አጭር አጭር ነው፣ ቶሎ ቶሎ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ይጠፋል፤ ሲቀጥል ትንፋሹ ረጅም ነው፣ ዘገምተኛ ነው። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም ቀን።» ወደኔ ዞረ። «ጀማል፣ እዚህ ማሽን ውስጥ ሁለት ሰው አለ።»

ሳላስበው ሳጥኗን አየኋት።

«አጭር አጭር የሚተነፍሰው ነው ወንድሜ?»

«መጀመሪያ የነበረው እሱ ነው፣ አዎ። ግን…» ጣቱ ቆመ። «ከሞተ ስንት ቀኑ ነው አልከኝ?»

«ሃያ አንድ።»

«እሱ ከዚህ ማሽን ላይ የጠፋው ሊሞት ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሌሊት እንኳ የለም። ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው ሌላኛው ነው።» የመጨረሻውን ገጽ ከፈተ። «የመጨረሻው ሌሊት የተመዘገበው ደግሞ ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው።»

ሁለታችንም ቆጠርን። እንድሪስ ከሞተ በኋላ ዘጠኝ ሌሊት። ይመር «አዑዙ ቢላህ» ብሎ እጁን ከላፕቶፑ ላይ አነሳ። የተማረ ሰው ነው፣ ግን አነሳ።

እኔ ግን ያን ጊዜ ፍርሃቴ ቀርቶ ንዴት መጣ። የጋቢው ሌላ ሽታ ትዝ አለኝ። ወንድሜ ሁለት ወር ሙሉ በየሰው ፊት ሲተኛ፣ እኛ «ማሽን ላይ ተኝቶም አይለቀውም፣ ምን ዓይነት ድካም ነው» ስንል፣ ማሽኑ ላይ አልነበረም። ሌላ ሰው ነበር የተኛበት። የገደለው ያ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። ለአፍታ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቀለለኝ።

«ሐርቡ መኪና ከየት ነው የሚነሳው?» አልኩት።

ይመር ካርዷን መልሶ እየከተተ «ተጠንቅቀህ ተናገር» አለኝ። «ማሽኑ የተስተካከለው በወንድምህ ልክ ነው። ያ ሰውዬም ቢሆን በሰው ልክ የተሰፋ ኮት ለብሶ ነው የከረመው። ሕመምተኛ ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ነገር ፊቱ ላይ አስሮ አያድርም።»

ሐርቡ፣ ሰባት ሰዓት

ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ ሙቀቱ እየጨመረ ይሄዳል። መንገዱ ከቦርከና ወንዝ ጋር ይሄዳል። ማሳው ማሽላና ማሾ ነው፤ መንገድ ዳር ማንጎና ፓፓያ በሳፋ ይሸጣል። ማሽኑን ታቅፌው ነው የሄድኩት። ቱቦው ከጋቢው አምልጦ ስለወጣ፣ መኪናው ሲፈጥን ንፋሱ ይገባበትና ያፏጫል። ጎኔ የተቀመጠው ሰው «ምንድን ነው የያዝከው? ነፍስ ያለው ነገር ነው?» አለኝ። «የለውም» አልኩት። ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ሐርቡ ላይ የጋሽ ተሰማን ቤት ማግኘት አልከበደኝም። «እሳቸው ቀን የሚተኙት?» አለችኝ አንዲት ማንጎ ሻጭ፤ «ከዚያ ግራር በላይ።» ሰውየው በረንዳ ላይ ወንበር ላይ ነበሩ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አንገታቸው ወፍራም ነው፣ ማተባቸው ላይ ትንሽ መስቀል አለ። ዓይናቸው ከሥሩ ጠቁሯል። ከርቀት የታቀፍኩትን አይተው ተነሱ። እኔን አላዩም፤ ጋቢውን ነው ያዩት።

«የእንድሪስ ወንድም ነኝ» አልኳቸው።

«ነፍስ ይማር» አሉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች ሳይጠይቁኝ ሽሮ አቀረቡ። «የጾም ነው፣ ሥጋ አልነካውም፣ ብላ ልጄ» አሉኝ። አልበላሁም። የመጣሁት ለመብላት አልነበረም።

«ሁለት ወር በወንድሜ ትንፋሽ ተኝተዋል» አልኳቸው። «ካርዱ ላይ አይቻለሁ። ከሞተም በኋላ ዘጠኝ ሌሊት።»

አልካዱም። «አዎ» አሉ። «ልንገርህ። አብረን ስናድር እኔም እንደሱ መሆኔን እሱ ነው ያወቀው። ‹ጋሽ ተሰማ፣ እርስዎም ይቆማሉ› አለኝ። መጀመሪያ የኔ ግማሽ ሲደርስ አውጥቶ ይሰጠኝ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ መጥቶ ‹ተራዎ ነው› ይለኛል። በኋላ እኔ ባሰብኝ። ቆሜ ተኝቼ ወደቅኩ። ያኔ ‹ሌሊቱን ሙሉ እርስዎ ይተኙበት፣ እኔ እጠብቃለሁ› አለኝ። እምቢ አልኩት። በስላሴ እምላለሁ እምቢ ብዬዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«‹እኔ ቤት ሌላ ትንፋሽ አለኝ፣ ቀን በሱ እተኛለሁ› አለኝ። በዚህ ነው የተቀበልኩት።» ወደ መሬት አዩ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከሞተ ጀምሮ የሚከነክነኝ እሱ ነው። ያን ቀን ቤት ያለው ትንፋሽ ምን ሆኖ ነው? ተበላሽቶ ነበር?»

«የቱ ቤት ያለው?»

«ያ ጀማል የሚባለው።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ስሙን የረሳሁት መስሏቸው ያስታውሱኛል። «ጀማል ይለው ነበርኮ! አክስታችሁ ከዓረብ አገር ስለምትልክ የፋብሪካው ስም ነው ብዬ ነበር። ‹መብራት ቢጠፋም ይሠራል› ይለኛል። ‹ትንሽ ነው፣ ግን ጎበዝ ነው። አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ፤ ዝም ካልኩ ይጠራኛል› ይለኛል። ይስቅ ነበር ሲናገር። እኔም አዲስ ዓይነት ማሽን ነው ብዬ… ጠርቶ የሚቀሰቅስ…»

«ጀማል እኔ ነኝ» አልኳቸው።



እንድሪስ «እዚሁ እኔ ጋ ሆነህ አጥና፣ ዝም ካልኩ ጥራኝ» ይለኝ ነበር። ይህን ሲለኝ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔ «ሰዓቱ ደርሶ ካልተነሳሁ» ማለቱ መስሎኝ ነው። ስለዚህ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እጠራው ነበር። አንድ ቀንም አሳልፌ አላውቅም። በዚያም ቀን በሰዓቱ ጠርቼዋለሁ።

ጋሽ ተሰማ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ውይ፣ ውይ፣ ልጅ ነው እንዴ! ሰው ነው እንዴ ጀማል!» ይላሉ። ወይዘሮ አበበች ምን እንደተፈጠረ አልገባቸውም፤ የሽሮውን ሳህን አንስተው ቆመው ቀሩ። እኔ ልከሳቸው የመጣሁት ሰው ፊቴ ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ። የማውቀውን ነገርኳቸው። ድምፁ ሲቆም እዚያው እንደነበርኩ ነገርኳቸው። ደስ እንዳለኝም። በአፌ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

እሳቸውም የራሳቸውን ነገሩኝ። ከሞተ በኋላ ዘጠኝ ሌሊት ጭምብሉን ያደረጉት ስላልቻሉ ነው፤ ያለ እሱ ዓይናቸውን ሲከድኑ ይታፈናሉ። በአሥረኛው ሌሊት ጭምብሉን ወደ ፊታቸው ሲያስጠጉ፣ ገና ማሽኑን ሳያስነሱት፣ ከቱቦው ውስጥ «ጋሽ ተሰማ፣ ተራዎ ነው» የሚል ድምፅ ሰሙ። ጭምብሉን ምስማር ላይ ሰቅለው በዚያው ሌሊት ወጡ። ከዚያ ወዲህ ተቀምጠው ነው የሚተኙት።

ይህን እየነገሩኝ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዓረፍተ ነገሩን እንኳ አልጨረሱትም። አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ። ማንኮራፋቱ ከሩቅ መጣ፣ ቀረበ፣ መጋዝ ሆነ። ወይዘሮ አበበች «እሱ እንደዚህ ነው፣ ይቅርታ አድርግለት» አሉኝ። ከዚያ ድምፁ ቆመ። «አሁን ደህና ተኛ» አሉ በእፎይታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አልተኙም!» አልኩ። ተነስቼ ትከሻቸውን ያዝኩ። «ጋሽ ተሰማ!»

በረጅሙ ሳቡ። ዓይናቸውን ከፍተው አዩኝ፤ ማን እንደሆንኩ ለመለየት ጊዜ ወሰደባቸው።

ከዚያ በኋላ ለወይዘሮ አበበች አሳየኋቸው። እጃቸውን በባላቸው ደረት ላይ አድርጌ አብረን ጠበቅን። ሲተኙ፣ ሲያንኮራፉ፣ ሲቆሙ፣ ስንጠራቸው ሲመለሱ። አራት አምስት ጊዜ። በሦስተኛው ሴትዮዋ አለቀሱ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይኼን ጸጥታ ስወደው!» አሉ።

ማሽኑን እዚያው ተውኩት። ጋሽ ተሰማ «የሟች ነው፣ ለእናትህ ውሰድ» ብለው ገፉት። «እኔ ከእናቴ ጋር እነጋገራለሁ» አልኳቸው። ይመር ጋ ደወልኩ። ሰኞ ወይዘሮ አበበች ይዘዋቸው እንዲመጡ፣ ሐኪም እንዲያያቸው፣ ጭምብሉ ተቀይሮ በሳቸው ልክ እንዲስተካከል ተነጋገርን። ጋቢውን ብቻ ይዤ ተነሳሁ። ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደዚያው በላሁት።

መልስ፣ አሥር ሰዓት

ስመለስ ሐረጎ ላይ ጉም አልነበረም። ጠዋት ያልታየኝን ገደል አየሁት፤ ጥልቅ ነው። በዚያ ጉም ውስጥ ጫፉ ላይ ስንሄድ የነበረው ለካ በዚህ ነው አልኩ።

ይህን ለሚያነብ ሰው የምለው ብዙ አይደለም። ቤታችሁ የሚያንኮራፋ ሰው ካለና ድምፁ ድንገት ከቆመ፣ ተነስታችሁ እዩት። ማሽን አለው ብላችሁ አትተዉት። ማሽን ኖሮትም ደክሞኛል የሚል ከሆነ አትሳቁበት፣ ስም አታውጡለት። ማሽኑ የት እንደሚያድር፣ እሱስ የት እንደሚተኛ ጠይቁት። ቀን ቢተኛም ትንፋሽ ያው ትንፋሽ ነው። እኛ አልጠየቅንም። ጠይቀን ቢሆን ይነግረን ነበር፤ ነግሮንም ነበር።

ደሴ፣ ከመግሪብ በፊት

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። እጄን አየች።

«ትንፋሹስ?»

«ሰው ጋ ነው፣ እማ። በሕይወት ያለ ሰው ጋ ነው።»

ቁጭ ብለን ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሁለቱ ሰዎች፣ ስለ ዘጠኙ ሌሊት፣ ጀማል ስለሚባለው ማሽን። እዚያ ላይ ፈገግ አለች፤ «የኔ ቀልደኛ» አለች። ከዚያ የቀረውን ነገርኳት። ክፍሉ ውስጥ እንደነበርኩ። ድምፁ ሲቆም ሰምቼ እንዳልተነሳሁ። ደስ ብሎኝ ማንበቤን። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እንድትቆጣኝ ጠበቅኩ። ብትመታኝም ደስ ባለኝ።

ቀስ ብላ ተናገረች።

«እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ጀሙ። ጓዳ በርበሬ እየወቀጥኩ ነበር። ድምፁ ጸጥ ሲል ‹አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ተኛልኝ› አልኩ። እንዳይነቃብኝ ብዬ ዘነዘናውን አስቀመጥኩት።»